ኢሚግሬሽን ሎው መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ቡና ቁርስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ረዘም ይላል፤ ስኒያችሁን ያዙና አንብቡት።

20 ዓመቴ ነው። በዲቪ ከቤተሰብ ጋር ስንመጣ 14 ነበርኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ አምና ዜግነት ወስጃለሁ፤ አሁን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ወረቀቴ ላይ ነርሲንግ ይላል። እናቴ የነርስ ረዳት ናት፣ አክስቴ ነርስ ናት፣ የአክስቴ ልጅም ነርስ ናት። የኔም ነገር ስወለድ ያለቀ ይመስለኛል። ግን አናቶሚ ክላስ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ ሰው ኬዝ ነው።

እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ። ባለፈው ሰመር አንዲት የምናውቃት ሴት የአሳይለም (የጥገኝነት) ኢንተርቪው ደረሳት። ለዚህ ኢንተርቪው መንግሥት አስተርጓሚ አያቀርብም፤ አመልካቹ ራሱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አስተርጓሚው ደግሞ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበራት እኔ ሄድኩ። ኦፊሰሩ "በስንት ሰዓት መጡብሽ?" ብሎ ሲጠይቃት "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት" አለች። እኔም "ስሪ ኤኤም" ብዬ ተረጎምኩ። ኦፊሰሩ ወረቀቱን ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። "እዚህ የጻፍሽው ግን ናይን ፒኤም ነው የሚለው" አላት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ፎርሙን የሞላላት ሰው ዘጠኝን እንዳለ ዘጠኝ አድርጎ ጽፎታል። እሷ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ እኔን ታየኛለች። አስተርጓሚ ከራሱ መናገር አይፈቀድለትም። እጄን እንደ ክላስ ተማሪ አውጥቼ "ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ማስረዳት እችላለሁ?" አልኩ። ተፈቀደልኝ። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከእነሱ በስድስት ሰዓት እንደሚለይ አስረዳሁት። ስልኬን ቢፈቅዱልኝ ኖሮ የእናቴን ሰዓት ፎቶ ባሳየሁት፤ የኩሽናችን ግድግዳ ሰዓት እስከ ዛሬ በሐበሻ ነው የሚሄደው። ኦፊሰሩ ጻፈ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ጥያቄዎቼ፦ ሎው ስኩል ለመግባት ምን ማጥናት ያስፈልጋል? ጠበቃ ሳይሆኑ በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል? አንድ ፕሮፌሰር ደግሞ ከሕግ ይልቅ ፖሊሲ ይሻላል አለኝ። ልዩነቱ አልገባኝም፤ አፍሬ አልጠየቅኩትም። እናቴንስ ምን ልበላት?

ቆሎ ተማሪ፦

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ስለ ሴትየዋ የጻፍከውን ቀንስ። ሐበሻ እዚህ አካባቢ ብዙ ቢሆንም ሁሉም ይተዋወቃል። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባላል፤ በኛ ሥራ ግን የሚለፈልፈው አንድ ሰው፣ የሚጠፋው ሌላ ሰው ነው። እየተቆጣሁህ አይደለም፤ እኔም በጀመርኩበት ዓመት ሠርግ ላይ ስለ አንድ ኬዝ ስም ሳልጠራ አውርቼ፣ የሰውየው የአጎት ልጅ አጠገቤ ጥብስ እየበላ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ዲግሪዬ በሶሻል ወርክ ነው። ግን ሰው ወክዬ ኢንተርቪው እገባለሁ፤ ኢሚግሬሽን ኮርትም ዳኛ ፊት እቆማለሁ። እንዴት ብትል፣ ጀስቲስ ዲፓርትመንት የሚሰጠው ፈቃድ አለ፤ አክሬዲትድ ሪፕረዘንታቲቭ ይሉታል። ሁለት ዓይነት ነው። ከፊሉ ፈቃድ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ብቻ ያስቆማል፣ ሙሉው ኮርትና ይግባኝ ቦርዱም ድረስ ያስገባል። ታድሶ ታድሶ የሚኖር የሦስት ዓመት ፈቃድ ነው። ሎው ስኩል አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ፈቃዱን ራስህ አመልክተህ አታገኘውም። መንግሥት ያወቀው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ድርጅቱ ነው የሚያመለክትልህ፤ ሥልጠናህን፣ ልምድህን፣ ጠባይህን መስክሮ። ከድርጅቱ ስትወጣ ፈቃዱ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን አግኝቶ ቢሮ ከፍቶ "ፎርም እንሞላለን" ብሎ መለጠፍ የለም። ያን የሚያደርጉትን ታውቃቸዋለህ፤ ዘጠኝን ናይን ፒኤም የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

እኔ እዚህ የደረስኩት እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ስልክ አነሳሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ "እስቲ አንተ ና" እየተባልኩ ገባሁ። ከዚያ ሥልጠና ላኩኝ። ደመወዙ አያኮራም፤ ቤት ኪራይ ግን ይከፍላል፣ ከሩምሜት ጋር። ኒውዮርክ መሄድ ከቻልክ ደግሞ ኢሚግራንት ጀስቲስ ኮርፕስ የሚባል በ2014 የተጀመረ ፕሮግራም አለ፤ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን ቀጥሮ ለዚሁ ፈቃድ ያበቃል። ሁለት ቋንቋ ማወቅ እዚያ ወርቅ ነው።

ቡና ቁርስ፦

እህትህ ነኝ 😅 ስለ ምክሩ ግን በጣም አመሰግናለሁ፤ እውነትህን ነው። ከተማዋንና ሌላ ሌላውን አውጥቻለሁ፣ ሴትየዋም አንብባው ይሁን ብላለች። ግን አንድ ጥያቄ፦ አሁን በፈቃደኝነት ለቤተክርስቲያን ሰዎች ፎርም አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ። ይሄ ችግር አለው?

ቆሎ ተማሪ፦

ይቅርታ እህቴ! መተርጎም ችግር የለውም። የነገሩሽን ትጽፊያለሽ፣ ተርጓሚ እኔ ነኝ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። "የትኛውን ፎርም ልሙላ?" ሲሉሽ ግን አፍሽን ያዢ። "ይቺን ሳጥን ምልክት አድርጊ፣ ያቺን ተያት" ማለት የሕግ ምክር ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ቢያደርገው ሕገወጥ ነው። በኋላ ባር (የጥብቅና ፈቃድ) ስታመለክቺ ስለ ጠባይሽ ይመረምራሉ፤ ያኔ እንዳይመጣብሽ።

የሌሊት ሹፌር፦

እኔ ደስ የማይል ነገር ልናገር መሰለኝ። እናትሽን ስሚ። ነርሲንግ ጨርሰሽ፣ ቤት ገዝተሽ፣ ከዚያ በትርፍ ጊዜሽ ሰው እርጂ። እዚህ አገር ሕግ የሀብታም ልጅ ትምህርት ነው።

ከቂም አይደለም የምናገረው፤ ምናልባት ትንሽ ከቂም ነው። አገር ቤት አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ስድስት ዓመት ተሟግቼ ነው የመጣሁት። እዚህ "ዲግሪህ ኮመን ሎው (የእንግሊዝና የአሜሪካ የሕግ ሥርዓት) አይደለም" ተባልኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆናቸው ኡበር ላይ ሊከተለኝ ነው እንዴ? ግን ተከተለኝ። ኒውዮርክ ባር ለመፈተን ኤልኤልኤም የሚባል የ24 ክሬዲት ተጨማሪ ትምህርት መማር አለብኝ፤ ዋጋው የአንድ መኪና፣ አዲስ መኪና። ሦስት ልጅ አለኝ። በየዓመቱ "በሚቀጥለው ዓመት" እላለሁ። በዚህ በኩል ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

አጥር ግቢ፦

የሌሊት ሹፌር፣ ጋሼ ልበል ወንድሜ ልበል አላውቅም፤ ኤልኤልኤሙን በማታ የሚሰጡ አሉ፣ ስኮላርሺፕ የሚሰጡም አሉ። ደግሞ የኒውዮርክ ፈቃድ ካገኘህ ለኢሚግሬሽን ኬዝ እዚህም ይሠራል። ሕጉ የፌደራል ስለሆነ ከየትኛውም ስቴት የወጣ የጥብቅና ፈቃድ ይበቃል። አንተን የመሰለ ሁለት ሰው አውቃለሁ፤ ሁለቱም አሁን ቢሮ አላቸው። አንዱ ፈተናውን ያለፈው በሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ቡና ቁርስ። ጠበቃ ነኝ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ በዚህ ቤት ይሄን ሳይናገሩ መጀመር አይቻልም።

ምን ላጥና ላልሽው፣ የፈለግሽውን። ሎው ስኩል "ቅድመ ሕግ" የሚባል ዲግሪ አይጠይቅም። ክፍሌ ውስጥ ሙዚቃ ያጠና ነበር፣ ኬሚስትሪ ያጠናች ነበረች። የሚያዩት ማርክሽን፣ ኤልሳት የሚባለውን ፈተናና የምትጽፊውን ነው። ኤልሳት ከ120 እስከ 180 ነው የሚታረመው። ሰው ሁሉ የሚፈራው እንቆቅልሽ መሳዩ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወጥቷል፤ አሁን ማንበብና ማመዛዘን ነው። የገቢ አቅም ለሌለው የፈተናው ክፍያ የሚነሳበት መንገድ አለ፤ ሳታፍሪ ጠይቂ። ከዲግሪ በኋላ ጄዲው (የሕግ ዲግሪው) ሦስት ዓመት ነው፤ በማታ ከሆነ አራት።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ከስሙ ይልቅ ክሊኒኩን እዪ። ክሊኒክ ማለት ተማሪ ሆነሽ በአስተማሪ ጠበቃ ክትትል እውነተኛ ኬዝ የምትይዢበት ነው፤ ኮርት ገብተሽ እንድትናገሪም ይፈቀዳል። ጆርጅታውን የአሳይለም ክሊኒክ ውስጥ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ሰው ይወክላሉ። የዲሲ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ የሕዝብ ነው፣ ከሌሎቹ ይረክሳል፣ ክሊኒክ ሳይሠሩ መመረቅም የለም።

ተማሪ ምን ያደርጋል እንዳትዪ። ፋውዚያ ካሲንጃ የምትባል የቶጎ ልጅ በ1994 መጨረሻ፣ በ17 ዓመቷ፣ ከግርዛትና ከግዳጅ ጋብቻ ሸሽታ ኒውርክ አየር ማረፊያ ወረደች። አሠሯት። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ታሠረች። ኬዟን ይዛ የተሟገተችላት ዲሲ ያለው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት የሕግ ተማሪ ነበረች፤ ሌይሊ ሚለር ትባላለች። የመጀመሪያው ዳኛ አላመናትም። ኬዙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሄደ፤ ካረን ሙሳሎ የምትባል ጠበቃ ይግባኙን ይዛ ጁን 1996 ላይ ቦርዱ ግርዛትን መሸሽ ለአሳይለም እንደሚያበቃ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስንት የኛ አገር ሴት በዚህ ውሳኔ እንደቆመች እኔ ቢሮ ያለው ፋይል ብቻ ይመሰክራል። ቦርዱ የሚገኘው ደግሞ ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራ ከምንገዛበት ሩቅ አይደለም። ውሳኔው ላይ ያለው ስም ግን "ካሲንጋ" ነው። አንድ ባለሥልጣን ሲጽፈው ተሳስቶ፣ በዚያው ቀረ። የሕግ ተማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያጠናት በተሳሳተ ስሟ ነው።

ይሄን የማነሳው ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ነው። በ2005 የወጣ ሪል አይዲ የሚባል ሕግ አለ። ከዚያ ወዲህ ዳኛ በጥቃቅን ልዩነት ሊጥልሽ ይችላል፤ ልዩነቱ የታሪኩ እምብርት ላይ መሆን የለበትም። ሰዓት፣ ቀን፣ የዘመድ ቁጥር ይበቃል። አንዲት ደንበኛዬ ፎርሙ ላይ ሁለት ወንድም ጻፈች፤ ኮርት ቆማ ስለ ሦስተኛ ወንድሟ ታወራለች። የመንግሥት ጠበቃው እስክሪብቶውን አነሳ። ሦስተኛው የአክስቷ ልጅ ነበር፤ አብሯት አድጎ፣ አንድ መሶብ የበላ፣ ምን ልትለው ኖሯል? "ከዝን" የሚለው ቃል በአማርኛ የት አለ? እንደዚሁ "በ2010 ታሰርኩ" ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ለኛ ትናንት ነው፣ ለነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሐበሻ ሱቅ በነጻ የሚሰጡት፣ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየው የግድግዳ ካላንደር አለ። ሎው ስኩል ከገዛኋቸው መጽሐፎች በሙሉ የበለጠ ያገለገለኝ እሱ ነው። አንቺ ይሄን በ20 ዓመትሽ አይተሽዋል። አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ አሁንም አያዩትም።

የሚከብደውንም ልንገርሽ። ይሄ ኮርት እንደ ሌላው ኮርት አይደለም። ጉዳዩ ወንጀል ስላልሆነ ደንበኛሽ ድሃ ቢሆን መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም፤ በራስህ ወጪ ይላል ሕጉ። ሕፃን ልጅ ብቻውን ዳኛ ፊት ሲቆም አይቻለሁ፤ እግሩ ከወንበሩ መሬት አይደርስም። ዳኛው ራሱ የጀስቲስ ዲፓርትመንት ተቀጣሪ ነው። ሕጉ ማታ ተኝተሽ ጠዋት ይቀየራል። የሰው ቅዠት ይዘሽ ትተኛለሽ። በአምስተኛው ዓመቴ ስድስት ወር አቁሜ የሰርግ ካርድ ዲዛይን እሠራ ነበር፤ አትሳቁ።

ብሩን በተመለከተ፣ ድሮ ለጄዲ እስከ ሙሉ የትምህርቱ ወጪ ድረስ የመንግሥት ብድር ይሰጥ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ጣሪያ አለው። ስለዚህ ርካሽ ትምህርት ቤትና ስኮላርሺፕ ጌጥ አይደለም፤ ዋናው ነገር ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወይም መንግሥት ቤት ከሠራሽ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከፍለሽ የቀረው የሚሰረዝበት ሕግ ከ2007 ጀምሮ አለ። ወረቀቱን ግን በየዓመቱ ያዢ፤ ብዙ ሰው በወረቀት ነው የወደቀው።

ቆሎ ተማሪ ያለሽን ሁለት ዓመት መጀመሪያ ሥሪ። እዚያ ላይ አንድ ነኝ። ግን በጣም ደስ ብሎሽ እንዳትቀሪ፤ ከባዱ ይግባኝ፣ ፌደራል ኮርት የሚሄደው፣ የጠበቃ ነው።

ዘጠና ቀን፦

ጣልቃ ልግባና፣ እኔ አሳይለሜ ገና ነው፤ ኮርት ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ኮሌጅ እየተማርኩ ነው። እንደኔ ያለ ሰው ጠበቃ መሆን ይችላል ወይስ ዜጋ መሆን ግድ ነው?

አጥር ግቢ፦

ዜግነት ግድ አይደለም። ኮኔቲከት ውስጥ ግሪፊትስ የምትባል የሆላንድ ዜጋ "ዜጋ አይደለሽም" ተብላ ባር ከልክለዋት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በ1973 አሸንፋለች። ያ ውሳኔ ግሪን ካርድ ላላቸው ነው። ኬዙ ላላለቀ ሰው ስቴቱ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ሰፋ ብለው ይቀበላሉ። የፌደራል መንግሥት ሥራ ግን በአብዛኛው ዜጋ ይፈልጋል። ያንተን ኬዝ እዚህ አትጻፍ፤ ጠበቃ ያዝ።

ሰነድ፦

ፕሮፌሰሩ ያለሽ እኔን ነው መሰለኝ። ፖሊሲ ነው የምሠራው፣ ዲሲ። ሕግ አልተማርኩም፤ ኢኮኖሚክስ፣ ከዚያ ማስተርስ በፐብሊክ ፖሊሲ።

ልዩነቱን በምሳሌ ላስረዳሽ። አሜሪካ በገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ አሳይለም ካላመለከትሽ ይዘጋል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ይሄ ከሰማይ አልወረደም፤ በ1996 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ውስጥ የገባ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረም። አጥር ግቢ ዕድሜ ልኩን ሰውን ከዚህ ገደብ ሊያስወጣ ይሟገታል፣ አንድ በአንድ። እኔ የምሠራው ያ አንቀጽ ሲጻፍ፣ ሲሻሻል፣ ደንብ ሲወጣለት ክፍሉ ውስጥ በሚቀርበው ወረቀት ላይ ነው። ስንት ሰው ይነካል? ምን ያስወጣል? ሌላ አገር ምን አደረጉ?

ሌላ ምሳሌ፣ ለኛ የቀረበ። ቲፒኤስ (አገሩ ችግር ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። አገር የሚሰይመው የሆምላንድ ሴኩሪቲ ኃላፊ ነው፤ ኢትዮጵያ ዲሴምበር 2022 ላይ ተሰየመች። ያን ጊዜ ብዙ የኛ ሰው ያለ ኮርት፣ ያለ ዳኛ ወርክ ፐርሚት ያዘ። በሌላ ፊርማ ደግሞ ሊነሳ ይችላል። አንድ ጎበዝ ጠበቃ በዕድሜው የማይረዳውን ሰው ቁጥር አንድ ማስታወቂያ በአንድ ጠዋት ትነካለች፣ በክፉም በደጉም።

ክፍያው ግን ይሄ ነው፦ ሰው አታዪም። አራት ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን ማንም አቅፎ አመስግኖኝ አያውቅም። የጻፍኩት ሪፖርት ሰባት ገጽ ነበር፤ ውስጡ የቀረው የኔ ሥራ አንድ ግራፍ ነው። አንቺ ደግሞ ጽሑፍሽን ሳነበው ሰው ፊት መቀመጥ የምትወጂ ነሽ። ይሄን ፕሮፌሰሩ አላየም። እኔ ብሆን ወደ ጠበቃው በኩል እልክሽ ነበር፤ ስታቲስቲክስ ግን አንድ ሁለት ኮርስ ውሰጂ፣ ቁጥር የማይፈራ ጠበቃ ብርቅ ነው።

ለሙከራ የሚሆን ነገር ልስጥሽ። መንግሥት አዲስ ደንብ ሲያረቅ ፌደራል ሬጅስተር (የመንግሥት ጋዜጣው) ላይ ያወጣና ብዙ ጊዜ 30 ወይም 60 ቀን ለአስተያየት ክፍት ያደርጋል። ማንም ሰው መጻፍ ይችላል፤ አንብበው ቁም ነገር ላለው አስተያየት መልስ መስጠትም ግዴታቸው ነው። ስለ አስተርጓሚ የሚወጣ ረቂቅ ጠብቂና የዘጠኝ ሰዓቱን ጉዳይ፣ የሴትየዋን ማንነት ሳትነኪ፣ ሁለት ገጽ አድርገሽ ጻፊው። ስትጽፊው ከተደሰትሽ አንድ ነገር ትማሪያለሽ፤ ከሰለቸሽም ትማሪያለሽ።

ከፒያሳ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ ሕግ ተምሬ ስደተኞች ላይ እሠራለሁ። አሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ነው፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጣ ሰው በዚህ ይተዳደራል። ሕጉ ለስደተኛ መሥራትንና መንቀሳቀስን ይፈቅዳል፤ አፈጻጸሙ ሌላ ታሪክ ነው። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነትም በፈረንጅ 1969 የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከጄኔቫው የስደተኞች ስምምነት ይሰፋል፤ ጦርነትና ሁከት የሸሸ ሰውን ጭምር ያካትታል። ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት እህቶቻችን ደግሞ በሌላ አዋጅ ነው የሚላኩት፣ 923/2008።

አስቂኙ ነገር፣ አንድ የአሜሪካ ጠበቃ ኢሜይል ጽፎ "1110/2019 ወይስ 1110/2011? ሁለት አዋጅ ነው?" አለኝ። አንድ ነው። አማርኛው በኛ ዓመት፣ እንግሊዝኛው በነሱ። ሰዓታችሁን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ። ልጅቷ፣ አንድ ሰመር እዚህ መጥተሽ ሥሪ፤ እኛም እንደናንተ አስተርጓሚ የለንም፣ የኑዌርና የአኙዋ ቋንቋ የሚችል እንፈልጋለን።

እናት ዓለም፦

ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ፣ ሦስት አሳድጌአለሁ። እናትሽ ነርስ ሁኚ የምትልሽ ነርስነትን ወድዳ አይመስለኝም። ሁለት ሥራ ሠርታ እግሯ አብጦ ስትገባ፣ ነርሶቹ ግን በሰዓታቸው ሲወጡ ታያለች። ለእሷ ነርስ ማለት በሰዓቱ የሚወጣ ሰው ነው። "ሕግ እወዳለሁ" ብትያት አትሰማሽም። ስንት ዓመት ነው፣ ማን ይከፍላል፣ ሳትጨርሺ ብትቀሪስ በምን ትኖሪያለሽ፤ እነዚህን ጽፈሽ አስቀምጪላት። ያቺን ሴት ደግሞ ቤት ጥሪያትና ራሷ ትንገራት። ቡና አፍሉ። አንቺ ዝም በዪ።

የሌሊት ሹፌር፦

እናት ዓለም እኔንም አሸነፉኝ። አጥር ግቢ፣ የማታ ኤልኤልኤም ያልከውን በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ።

ቡና ቁርስ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፤ ሥራ ቦታ ተደብቄ ነው ያነበብኩት፤ ማኪያቶ አቃጠልኩ።

እንዲህ አሰብኩ። ነርሲንጉን ይሄን ሴሚስተር እጨርሳለሁ፣ ክሬዲቱ አይጣልም። ከዚያ ሜጀሬን ወደ አጠቃላይ ጥናት ቀይሬ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እሻገራለሁ፤ ምን እንደማጠና አልወሰንኩም፣ ስታቲስቲክስ ግን ተመዝግቤአለሁ (ሰነድ፣ ከወደቅኩ ያንተ ጥፋት ነው)። ከሐሙስ ጀምሮ የሚቀበለኝ ድርጅት እፈልጋለሁ። እናቴን እሁድ ነው የማናግራት። ሴትየዋ እመጣለሁ ብላለች፤ ቄጤማ ይዤ እመጣለሁ ብላ አስቃኛለች። ስንት ሰዓት ልምጣ ስትለኝ "ዘጠኝ ሰዓት" አልኳት። "በማን?" አለችኝ።

ቆሎ ተማሪ፦

ሐሙስን አትጠብቂ። የኛ ቢሮ ቅዳሜ ጠዋት የዜግነት ፎርም የሚሞላበት ቀን አለው፤ ጠበቆች አሉ፣ አማርኛ የሚችል ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ነበር። በውስጥ መስመር አድራሻውን ልኬልሻለሁ። መታወቂያሽን ያዢ። 9:00 ሰዓት፣ በፈረንጅ።